የእሸቱ በሬ

"ዘይቱን ጋተው! ምላሱን ያዝና ጋተው!" ቄስ ወልደ ሰንበት ቀንዱን እንደያዙ ጮሁ። አዳነ የበሬውን አፍ ፈልቅቆ ዘይቱን አንቆረቆረ፤ ግማሹ እጁ ላይ ፈሰሰ። የበሬው ግራ ጎን እንደ ከበሮ ተወጥሯል።

በሬው የአዳነ አይደለም። የጓደኛው፣ የመቀናጆው የእሸቱ ነው። ሁለቱም ያላቸው አንድ አንድ በሬ ስለሆነ ስድስት ዓመት ሙሉ አጣምረው ሲያርሱ ኖረዋል። እሸቱ በሆሳዕና ማግስት፣ ፋሲካን ደብረ ታቦር ካለች ልጁ ጋር ሊውል ሲሄድ በሬውን ለአዳነ ተወለት። "አደራህን" ብቻ ነበር ያለው።

ይቺ አደራ የምትባል ነገር አዳነን እንቅልፍ ነሳችው። ወሩ ሚያዝያ ነው፤ ሣር የለም፤ የአገሩ ከብት ሁሉ የጎድን አጥንቱ ይቆጠራል። የእሸቱ በሬ ቢከሳ ሰው ምን ይላል? "የራሱን እየቀለበ የሰው አስራበ" ይላል። ስለዚህ ለራሱ በሬ ጭድ፣ ለእሸቱ በሬ ደግሞ ለዘር ካስቀመጠው ባቄላ እየሰፈረ ሰነበተ። ትናንት ስቅለት ነበር። ቀኑን ሙሉ ስግደት ስለሚውል፣ እንዳይርበው ብሎ በማለዳ እጥፍ አድርጎ ሰጠው፤ ውሃም አጠገቡ አስቀምጦለት ቤተ ክርስቲያን ሄደ። ደረቅ ባቄላ ሆድ ውስጥ ውሃ ሲያገኝ ምን እንደሚሆን የማያውቅ ገበሬ የለም። አዳነም ያውቃል። ይሉኝታ ግን ያወቁትን ታስረሳለች።

"አባ፣ ምን ላድርግ?"

"አይተርፍም ልጄ። ሳይሞት ባርከህ እረደው። ከበከተ የውሻ ነው።"

"ባለቤቱ ሳያውቅ?"

"ደውልለታ!"

ደወለ። ሦስቴ ደወለ። ስልኩ ዝግ ነው። በሬው ጉልበቱ ከዳውና ወደቀ። አዳነ ቢላውን አነሳ፤ "በስመ አብ" ብሎ አረደው።

ጎረቤቱ ሥጋውን ለፋሲካ ተቃረጠው። የታመመ ነው ተብሎ ዋጋው ስለተጣለ፣ የተሰበሰበው ገንዘብ አርብ ገበያ ወጥቶ ወይፈን ቀርቶ ጥጃ አይገዛም። ሰዎቹም ሥጋቸውን በፌስታል አንጠልጥለው ሲሄዱ፣ "የሰው በሬ ነው፣ ምን ገዶት! የራሱን መች ነካው?" ይባባሉ ነበር። የሥጋው ቅናሽ ግን ማንንም አልጎረበጠውም።

እሸቱ ማክሰኞ መጣ። ወሬው መንገድ ላይ ደርሶት ቤቱ እንኳ አልገባም። በቀጥታ አዳነ ደጅ ሲደርስ አጥሩ ላይ የተሰጣውን ቆዳ አየ፤ ቀጥሎ በረት ውስጥ የሚያመሰኳውን የአዳነን በሬ አየ።

"ያንተው ደህና ነው" አለ።

"እሸቱ ወንድሜ፣ ሆዱን ነፋውና..."

"ምን በልቶ?"

የአዳነ ሚስት ቦጋለች ቀደመች። "ምን ይበላል? ጭድ ነዋ!"

"ጭድ የበላ በሬ እንዲህ አይነፋም፣ ቦጋለች።"

አዳነ ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ። ዝም ቢል ሚስቱ ትጨርስለት ነበር። "ባቄላ ነው" አለ። "ከሳ እንዳይባል ብዬ ባቄላ አበላሁት።"

"ያንተንስ?"

"ጭድ።"

እሸቱ ሳቅ ይሁን ለቅሶ ያልለየ ድምፅ አወጣ። "ምናለ የእኔንም እንደ ራስህ በሬ ብታየው ኖሮ?"

ቦጋለች የቅርጫውን ገንዘብ ዘረጋችለት። ሳይቀበላት ወጣ።

አዳነ አፈረ። ቢሰድበው፣ በዱላ ቢለው ይሻለው ነበር። ሰማዩ ከወዲሁ መጥቆር ጀምሯል፤ ዝናብ ጠብ ሲል ሰው ሁሉ ማሳው ላይ ይውላል። አንድ በሬ ያለው ሌላ መቀናጆ አያጣም፤ በሬ የሌለውን ግን ማን ያቀናጀዋል? በረት ገብቶ የበሬውን ገመድ ፈታ።

"ወዴት ልትወስደው ነው?" አለች ቦጋለች።

"ለእሸቱ።"

"አብደሃል? እኛስ በምን ልናርስ ነው?"

አዳነ በሬውን እየሳበ በአጠገቧ አለፈ።

"በመቆፈሪያ" አለ።