ክሪክ የማይቆምበት ወለል

ነጩ ደግሞ ይቆሽሻል፣ የጎማ ጥቁረት አንዴ ከያዘው በምን ይለቃል፣ ግራጫው ይሻላል፣ አይ ግራጫውም ያው ነው፣ ሹፌሩ ሰማው ሴራሚኩን በጣቱ ጥፍር ያንኳኳዋል፣ ቀጭን ድምፅ። ብርሌ ከነቃ አይሆንም ዕቃ። ይሁን፣ ማን ዕቃ ይሁን አለው፣ ወለል ይሁን እንጂ፣ የሞጣ ገበያ ዛሬ ሰው በሰው ነው፣ ሚኒባሷ መናኸሪያ ቆማለች፣ የቢቸና ተሳፋሪ ሹፌሩ የት ገባ እያለ ይሆናል፣ ይበል፣ ቶሎ መርጦ ይውጣ፣ ቶሎ መምረጥ ነው ያቃተው።

ለሳሎን ነው ወንድሜ? ትላለች ባለሱቋ አስናቀች፣ አይ ለጋራዥ ነው፣ ለጋራዥ? መኪና ለሚገባበት? አዎ፣ ግቢዬ ውስጥ ላለችው፣ ኧረ ይሄ እኮ ለእግር ነው፣ ወፍራሙን እንኳ ቢወስዱ መኪና ማንሻው ክሪክ ያረፈበት ቀን ይሰነጠቃል፣ ለእርስዎ የሚሆነው አርማታ ነው። ጉድ እኮ ነው፣ የራሷን ዕቃ የምትነቅፍ ነጋዴ፣ ይሰነጠቅ፣ ይሰነጠቃል ከተባለ ማን ክሪክ ያቆምበታል፣ ማንም፣ እሰይ።

እሰይ ያለው ማን ነው። እሱ ነው?

ወይንእሸትም ጠዋት እንዲሁ ነው ያለችው፣ ሚስት አፏ መቼ ይቦዝናል፣ አንተ ሰው፣ ሳሎናችን እንኳ ሊሾ ነው፣ መኪናዋን በሴራሚክ ልታሳድራት ነው? አገር ምን ይለናል! ስትስቅ አብሮ ሳቀ፣ ምክንያቱን ግን አልነገራትም፣ ምን ብሎ ይነግራታል፣ ለራሱስ መቼ ነገረው።

አፈሩ ነው። መረሬ፣ በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ፣ በክረምት ሊጥ፣ ጋራዡን ሲሠራ ግድግዳውን ገጥግጦ ጣራውን አልብሶ ወለሉን ለከርሞ ብሎ ተወው፣ አገሩ ሁሉ እንዲያ ነው የሚያደርግ። አምና በነሐሴ የኔሰው፣ ታናሽ ወንድሙ፣ ቢቸና ሞተር ሲታመም የሚጠራው የኔሰው፣ ከሚኒባሷ ሥር ተንጋሎ ያፏጫል፣ ጋሼ ቁልፉን አቀብለኝማ፣ ሰማው ጎንበስ ሲል ፉጨቱ ቆመ፣ ክሪኩ ጭቃው ውስጥ እንደ ማንኪያ ገባ፣ መኪናዋ ቀስ ብላ ወረደች፣ እንደምትተኛ ላም፣ የጮኸው ሰማው ነው፣ የኔሰውማ ድምፅ የለውም። ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል። እግሩ ከጉልበቱ በታች ተቆረጠ። በቃ።

ከዚያ ወዲህ ጋራዡ ተዘግቶ ሚኒባሷ ደጅ ታድራለች፣ የኔሰው በክራንች እየመጣ የተዘጋውን በር ያያል፣ ያያል፣ ሰማው ግን አረፍ በል እንጂ ወንድሜ፣ እኔ እያለሁ ምን ይጎድልሃል፣ ይኼን ብቻ ነው የሚል፣ እና አሁን ሴራሚክ፣ የሚያብረቀርቅ፣ አዳራሽ የመሰለ፣ ሥሩ ሰው የሚተኛበት መኪና የሌለበት።

ስልኩ ይጮኻል፣ የኔሰው፣ አያነሳውም፣ ያነሳዋል። ጋሼ፣ ወይንእሸት ሴራሚክ ሊገዛ ሄዷል አለችኝ፣ ሠርግ ልትደግስበት ነው እንዴ? አይ፣ ለንጽሕናው ብዬ ነው፣ ንጽሕና? ክራንች ሴራሚክ ላይ ምን እንደሚሆን ታውቃለህ? ዘይት ጠብ ካለበትማ በረዶ ነው! ሰማው ዓይኑ ግራጫው ላይ ይቀራል፣ ክራንቹን አላሰበውም፣ ለእሱ ብሎ ሲባዝን ከርሞ እሱን አላሰበውም፣ ምላሱ ግን ይቀድመዋል፣ አንተስ እዚያ ምን ልትሠራ ትገባለህ፣ ይላል።

ቃሉ ወጣ። አይመለስም።

ልሠራ ነዋ፣ ይላል የኔሰው ቀስ ብሎ፣ መኪና ልሠራ፣ እግሬን የወሰደው ጭቃ ነው ጋሼ፣ ሙያዬ አይደለም፣ ሙያዬን ልትወስድ የተነሳኸው አንተ ነህ።

ሱቁ ጠበበ፣ ሰው ይገባል ይወጣል፣ ሚስማር አለ? ቀለም አለ? የፈሩት ይደርሳል የጠሉት ይወርሳል፣ ሙያውን እኔ ልውሰድበት? እኔ? እናታችን ስትሞት በጄ የተወችውን ልጅ? እያጎረሰ አሳድጎት፣ አሁንም እንደ ሕፃን እያጎረሰ ሊያኖረው፣ እንዲያ ነው ያሰበው፣ አዎ እንዲያ ነው፣ ከመኪና ሥር ከሚያየው እጁን አጣምሮ በር ላይ ቢያየው ይሻለዋል፣ ለማን ነው የሚሻለው፣ ለየኔሰው? ለሰማው እንጂ። እንቅልፍ ለሚፈልገው ለሰማው።

መኪናዋ እንደገና ብትወድቅብህስ፣ ይላል በስልኩ። መረሬውን አስወጣው፣ ይላል የኔሰው፣ ጠንካራ መሬት እስክታገኝ አስቆፍር፣ ድንጋይ ሙላው፣ ፌሮ ብረት ዘርጋና አርማታ ሙላበት፣ ላዩ ሳይደርቅ በመጥረጊያ ይጫር፣ ክራንቼ እንዲይዝልኝ፣ ከዚያ ወዲያ የሚፈራ ካለ አጠገቤ ቁጭ ብሎ ይፍራ።

አጠገቤ ቁጭ ብሎ። ይቻል ይሆን እንዲህ? ፍርሃቱ የትም አልሄደ፣ ሴራሚኩን ወደ ቦታው ይመልሰዋል፣ እህቴ ፌሮ አለሽ? ሲሚንቶስ? ሞልቷል፣ ትላለች አስናቀች፣ ቀድሞስ ምን ብዬዎት ነበር፣ ስልኩ አልተዘጋም፣ የኔሰው ከወዲያ ይተነፍሳል፣ የወንድሙን መልስ ይጠብቃል።

ድንጋዩን ከየት ነው የምናስመጣው፣ ይላል ሰማው።

የምናስመጣው አለ። የማስመጣው አላለም። ከአፉ ሲወጣ ራሱም ሰማው።