የራሕማ ወፍ

ድምፅ በደንብ ለመስማት ስፖንጅ ያስፈልጋል። ይህን ከማንም አልተማርኩትም፤ ንግዴ ነው ያስተማረኝ። መካነ ሰላም ላይ የስፖንጅ ፍራሽ ስሸጥ ጠጉሬ ሸበተ። የሱቄ ጓዳ ከወለል እስከ ጣሪያ በፍራሽ የታጨቀ ስለሆነ እዚያ ውስጥ የሚወጣ ድምፅ ግድግዳ መትቶ አይመለስም፤ ቀጥ ብሎ ጆሮ ውስጥ ይገባል። ባለቤቴ ልብ የሚያፍን ቤት ነው ብላ እግሯን አታስገባም። እሷ የማትገባበት መሆኑም፣ እውነቱን ለመናገር፣ አንዱ ጥቅሙ ነው።

እሑድ ከሰዓት እዚያ የምንሰበሰበው ሦስት ነን። አንዱ እኔ ምናለ ነኝ። ሁለተኛው ሙላው የወረዳው ባህል ጽሕፈት ቤት ሠራተኛ ነው፤ ኮምፒውተሩን አቅፎ የሚዞር፣ ነገር ሁሉ ካልጸዳ የማይዋጥለት ጎልማሳ። ሦስተኛው ሙሐሲን ከጂዳ ተመላሽ ነው። ሌላው ሰው ከዐረብ አገር ሲመጣ ፍሪጅና ብርድ ልብስ ያመጣል፤ እሱ ዛሬ ጓዳዬ ውስጥ የቆሙትን በር የሚያህሉ ሁለት ስፒከሮች ጭኖ መጣ። እናቱ እስከ ዛሬ በየሰዉ ፊት ያነሱበታል።

የምንሰማው አንድ ካሴት ነው፤ የራሕማን ካሴት። ራሕማ በደርግ ጊዜ በዚህ ከተማ ከሠርግ ሠርግ እየዞረች የምትዘፍን ሴት ነበረች። ማሲንቆ መቺው ቸኮል አንድ ክረምት ቤቷ ገብቶ፣ በገዛ ቴፑ፣ የምታውቃቸውን ዘፈኖች ቀዳቸው። ያኔ ከተማው መብራት አልነበረውም፤ ቴፑ የሚሠራው በባትሪ ድንጋይ ነበር። ከዚያች አንድ ካሴት ሌላ እየተቀዳ፣ ከዚያም ሌላ እየተቀዳ፣ ከወግዲ እስከ አጅባር ያልገባበት ቤት አልነበረም። ሁለቱም ዛሬ በሕይወት የሉም።

ክርክራችን ማለቂያ አልነበረውም። ሙላው ከዘፈኑ ስር የሚሰማው ሹሹታ የካሴቱ ክር ቆሻሻ ነው፣ በኮምፒውተር ጠርጌ አወጣዋለሁ ይላል። ሙሐሲን ሹሹታው የራሕማ ቆርቆሮ ላይ የሚዘንበው ዝናብ ነው፣ እሱን ካወጣህባት ሴትየዋን ሜዳ ላይ ጣልካት ይለዋል። አንዱ ማሲንቆው በዝቷል ሲል ሌላው አንሷል ይላል። እኔ ሁለቱንም እሰድባለሁ፣ ከዚያ ካሴቱን መልሰን ከመጀመሪያው እንሰማለን። እንዲህ ሲሆን ዓመታት አለፉ።

በመጨረሻው ዘፈን ላይ ግን ማንም አይከራከርም ነበር። አገሩ ሁሉ "የወፏ" የሚለው ዘፈን ነው። ሲጀምር እንደ ሌላው ዘፈን ነው፤ መሐል ላይ ሲደርስ የራሕማ ድምፅ ቀስ እያለ መውጣት ይጀምራል። ማሲንቆውም አብሯት ይወጣል፣ ይፈጥናል። ትወጣለች፣ ትወጣለች፣ መጨረሻ ላይ የሰው ጉሮሮ ሊያወጣው የማይችል ቀጭን ድምፅ ይሆናል። በዚያ ድምፅ እንዲህ ትላለች፦

እኔስ እመጣለሁ ክረምቱ ሲወጣ

ስንኙ ግማሽ ነው። ቤት የሚመታው ሁለተኛው መስመር ሳይመጣ አንዲት ወፍ ትጮኻለች። እንደዚያች ያለች ወፍ በእኛው ቦረና ቆላም ሆነ ደጋ ሰምቶ የሚያውቅ ሰው የለም። ወፏ ስትጮኽ ማሲንቆው ይቆማል፣ አንድ ሁለት ጊዜ የሚንጫጫ ነገር ይሰማል፣ ከዚያ ቀጭ ይላል፤ አለቀ።

ራሕማ ያንን ከዘፈነች ወር ሳይሞላት፣ ክረምቱ ሳይወጣ፣ በንዳድ ሞተች። አገሩም ተረጎመው። ዘፈኑ ላይ ዛሯ ወርዶባት ነው፣ ወፏ ነፍሷን ልትወስድ የመጣች ናት ተባለ። መስከረም ሲጠባ ያንን ዘፈን የሚከፍት ሰው የለም፤ እመጣለሁ ብላለቻ። ግማሹን ስንኝ ስንቱ ግጥም አዋቂ ነኝ ባይ ሊሞላው ሞከረ፤ ሁሉም ለወንድ የተባለ የፍቅር ነገር አድርጎ ጨረሰው፣ አንዱም አልያዘም። እኔ ወፏን እፈራትም እወዳትም ነበር። ያለ እሷ ዘፈኑ ዘፈን አይመስለኝም ነበር።

ባለፈው ክረምት ሙላው ካሴቱን አጽድቶ ቴሌግራም ላይ እለቀዋለሁ ብሎ ተነሳ። ወሬው በአንድ ሳምንት ከተማውን አዳረሰ። እኛ ወፏ ጎላ ትበል አትበል እያልን ስንጨቃጨቅ፣ አንድ የነሐሴ እሑድ፣ ዝናብ እየወረደ፣ መብራት ጠፍቶ በሻማ ተቀምጠን ሳለ የጓዳው በር ተንኳኳ። ሀዲያ ነበረች፤ የራሕማ ልጅ።

ሀዲያ ከጂዳ ተመልሳ ከእኔ ሱቅ በላይ የሕፃናት ልብስ ትሸጣለች። አሁን ደግሞ ልጇ በተራዋ ጂዳ ሄዳ፣ ያስቀረችላትን ጨቅላ ሴት ልጅ አዝላ ነው የምትውለው። ዝም ያለች ሴት ናት፤ ደንበኛ እንኳ ድምፅሽን ከፍ አድርጊ ይላታል። ሰላም አለችን፣ ቁጭ በይ ብንላት እምቢ አለች። በፌስታል የጠቀለለችውን አወጣች። ካሴት ነበር፣ የቸኮል የእጅ ጽሑፍ ያለበት። የቸኮል ሚስት ከመሞታቸው በፊት ያንቺ ነው ብለው የሰጧት፣ የካሴቶቹ ሁሉ እናት። ሙሐሲን ሲያየው ከተቀመጠበት ተነሳ።

ሀዲያ ያለችው አጭር ነው። ዋናውን ካሴት እሰጣችኋለሁ፤ በለውጡ የመጨረሻውን ዘፈን ቁረጡት፣ የትም እንዳትለቁት።

ሙላው ስለ ቅርስና ስለ ታሪክ ማስረዳት ጀመረ። ዝም በል አልኩት። ከዚያ እኔ ራሴ፣ ያንን ዘፈን ማጣት ስላሳዘነኝ፣ ምክንያቷን ጠየቅኋት። ሀዲያ ወደ ሻማው እያየች መለሰችልኝ።

"ጋሽ ምናለ፣ አንቱ የሚሰሙት ዘፈን ነው። እኔ ልጅ ሆኜ፣ መስከረም በጠባ ቁጥር የሰፈር ልጆች በራችን ላይ ቆመው እናትሽ መጣች ይሉኝ ነበር፤ ወላሂ አልጋ ስር ነበር የምገባ። ድምፄን ከሰማችኝ ትመጣለች እያልኩ ዘፍኜ አላውቅም። ልጄን ያለ እሹሩሩ ነው ያሳደግኋት። ይቺንም በስልክ ነው የማባብላት። አሁን ደግሞ በየሰዉ ስልክ ውስጥ ልታስገቧት ነው።"

ቃል ገባንላት፤ ሙላውም ቅር እያለው ቃሉን ሰጠ። ሙሐሲን ግን ካሴቱን በሁለት እጁ ይዞ፣ ክሩ ይሥራ አይሥራ ሳናየው እንዴት እንቀበላለን አለ። አንዴ ብቻ ይሰማ፣ አንቺ መቆየት የለብሽም አላት። ውጭ ዝናቡ አያስወጣም ነበር፤ ሀዲያ በሩ አጠገብ ከቆመ ፍራሽ ጋር ተደግፋ ቀረች።

መብራት የለም። ከመደርደሪያ ስር የአባቴን ቴፕ አወጣሁ፣ ከእጅ ባትሪዬ የደከሙትን ድንጋዮች አውጥቼ አስገባሁ። ጠዋት ምድጃ ዳር አሙቄያቸው ስለነበር ትንሽ ነፍስ ነበራቸው። ድንጋዩን ለመቆጠብ ካሴቱን በእስክሪብቶ አዙሬ ሁለተኛው ጎን መጨረሻ አካባቢ አደረስኩት። እኔ ያሰብኩት አንድ ሌላ ዘፈን ልናይ ነበር፤ አቆጣጠሬን ስቼ የወፏ ላይ አረፈ።

መጀመሪያ ላይ እንደምናውቃት ነበረች። እኔ እስክትወጣ መጠበቅ ጀመርኩ። ያ ቦታ ደረሰ፣ አልወጣችም። ማሲንቆውም አልፈጠነም። ድምፁ እንደ ጀመረ፣ ትንሽ እየተወዛወዘ፣ ባለበት ይሄዳል። ሙሐሲን ድንጋዩ እየሞተ ነው ብሎ ሊያጠፋው እጁን ሰነዘረ። ሁላችንም እንደዚያ ነን፤ ቴፕ መጎተት ሲጀምር አጥፍተን ድንጋዩን ፀሐይ ላይ እናሰጣለን እንጂ እስከ መጨረሻው የሚሰማ የለም።

"ተወው" አለች ሀዲያ። "ማናት ይቺ?"

"እናትሽ ናት" አልኳት።

እውነትም ማናት የሚያሰኝ ነበር። ዛር የወረደባት ሴት አልነበረችም። የደከመ፣ ትንሽ የጎረነነ፣ ማጀት ውስጥ ሥራ እየሠራች የምታንጎራጉር ሴት የሚመስል ድምፅ ነው። እኔስ እመጣለሁ ክረምቱ ሲወጣ አለች፣ ረጋ ብላ። እኔ ወፏን ጠበቅሁ። ያን ጊዜ ጓዳው ውስጥ ሕፃን አለቀሰ።

ሦስታችንም ወደ ሀዲያ ጀርባ ዞርን። ያዘለቻት ልጅ አፏን ከፍታ፣ ጭልጥ ብላ ተኝታለች። ልቅሶው ግን አልቆመም፤ ከቴፑ ነው የሚመጣው። ማሲንቆው ቆመ። የጠፍር አልጋ ሲንቋቋ፣ ሰው ከተቀመጠበት ሲነሳ ተሰማ፤ ከዚያ ራሕማ በዘፈን ሳይሆን በንግግር፣ እየራቀች፣

"መጣሁ የኔ እናት፣ መጣሁ" አለች።

ቀጭ አለ። ቸኮል ቴፑን አጠፋው ማለት ነው። ሹሹታው ትንሽ ቀጥሎ፣ ጎተተ፣ የእኛም ድንጋይ አለቀ።

ሙላው በሹክሹክታ ነገሩን ፈታው። ቸኮል ሲቀዳ ድንጋዩ እያለቀበት ነበር። ክሩ እያዘገመ ነው የቀዳው፤ ደህና ድንጋይ ያለው ቴፕ ላይ ስናጫውተው ይሮጣል፣ ድምፁም ይቀጥናል፤ የሕፃን ልቅሶውም ወፍ ሆኖ የኖረው ለዚህ ነው። ዛሬ የእኛም ድንጋይ እየሞተ ስለነበር እኩል ሄዱ። የሚሞት ድንጋይ ዘፈን እንደሚጎትት የማያውቅ የአገራችን ሰው የለም፤ እየቀዳ ቢሞትስ ብሎ ያሰበ ግን አልነበረም። ስንት ዓመት ስለ ሹሹታ ስንጨቃጨቅ እኛ ራሳችን አላሰብንም። አፈርኩ።

ሀዲያ ፍራሹ ስር ቁጭ ብላ ነበር፣ መቼ እንደተቀመጠች አላየሁም።

"ልታቅፈኝ የተነሳችውን ነው እኔ ስፈራት የኖርኩ?" አለች።

አብሽሪ፣ አይዞሽ አልኳት። ሙሐሲን ፊቱን ወደ ስፒከሮቹ አዙሮ አላህ ይርሐማት ይል ነበር። ሀዲያ እንባዋን በነጠላዋ ጠረገች፣ ተነስታ ካሴቱን ራሷ ከቴፑ አወጣችና ፌስታሏ ውስጥ መለሰችው። ወፏን ከፈለጋችሁ ለአገሩ ስጡ አለችን፤ ይቺ ግን የእኔ ናት፣ አልሰጥም። በዝናቡ ውስጥ ወጥታ ሄደች።

ሙላው ከሌላው ካሴት ያጸዳውን፣ ከነወፏ፣ ለቀቀው። ሰው ሁሉ ጠጉሬን አቆመችው እያለ ይጽፍለታል። ሊያርመው ይችል ነበር፤ አንድ ቀን በኮምፒውተሩ ድምፁን አዘግይቶ ሞክሮ ሕፃኗ ስታለቅስ ሰማና ዘጋው። ከዚያ ወዲህ እሑድ እንሰበሰባለን እንጂ የወፏን አንከፍትም። ሹሹታውን እንኳ ተውነው።

መስከረም ጠባ። አንድ ማለዳ ወደ ገበያ ስወርድ በሀዲያ ሱቅ በኩል አለፍኩ። መጋረጃው ወርዷል፣ ከውስጥ ዘፈን ይሰማል። እግሬ ተያዘ። ረጋ ያለ፣ የጎረነነ፣ ያ በሚሞት ድንጋይ የሰማሁት ድምፅ ነው። ካሴቱን እየሰማች ነው ብዬ ጆሮዬን ጣልኩ፤ ማሲንቆ ግን የለም፣ ሹሹታም የለም። እኔስ እመጣለሁ ክረምቱ ሲወጣ አለ ድምፁ፤ በዚያው ቅጽበት ሕፃኗ አለቀሰች።

"መጣሁ የኔ እናት፣ መጣሁ።"

ግድግዳውን ይዤ ቆምኩ። የሰማሁት የሀዲያን ድምፅ ነው ብዬ ለራሴ እነግረዋለሁ፣ ሰውነቴ ግን አያምነኝም። ከዚህ በኋላ ሁልጊዜ ቀጭ ነው የሚለው። ቀጭ እስኪል ጠበቅሁ። ሕፃኗ ዝም አለች፣ መጋረጃው በነፋስ ትንሽ ተነሳና ወደቀ፣ ዘፈኑም ከቆመበት ቀጠለ፦

ድምፅሽን አሰሚኝ መንገድ እንዳይታጣ

ስንኙን ከየት እንዳመጣችው አልጠየቅኋትም። ገበያውን ትቼ ወደ ቤቴ ተመለስኩ።