ዘመም ያሉት ፔንግዊኖች

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል። ቲቸር ቶሎ ተረቱን ታውቀዋለች፤ ቁጭ ብላ የምታስብበት ጊዜ ግን የላትም። ስሟን ያወጡላት የምታስተምራቸው የአምስት ዓመት ልጆች ናቸው። ካፖርት ልበሱ ስትል ቶሎ፣ እጅ ታጠቡ ስትል ቶሎ ነው። አንድ ቀን እንዲያውም ደረጃ ላይ ሲጋፉ አይታ "ቶሎ ቀስ በሉ!" ብላ ጮኸችና ስሙ በዚያው ጸደቀ።

መዋዕለ ሕፃናቱ ውስጥ ረዳት ናት። ዋናዋ መምህርት ልትወልድ ከወጣች ወዲህ ክፍሉን ብቻዋን ብትይዝም ወንበሩ የሷ አልነበረም። በሳምንቱ መጀመሪያ ዳይሬክተሯ ቢሮ ጠሯት።

"ዋናዋ አትመለስም" አሉ መነጽራቸውን ሳያነሱ። "ዓርብ ወላጆች የልጆቹን የብርድ ወራት ሥራ ሊያዩ ይመጣሉ። ያኔ አይሻለሁ። ከተዋጣልሽ ክፍሉን ውሰጂ፤ ካልሆነ ሌላ ሰው አመጣለሁ።"

"ይዋጣልኛል።"

"አልጠየቅኩሽም።"

ነገሩ እንዲህ የዋዛ አልነበረም። ዳይሬክተሯ አንድ ልማድ አላቸው። በየትርኢቱ ብብታቸው ሥር ንጹሕ ወረቀት ይዘው ይመጡና ከልጆቹ አንዱን መርጠው "እስኪ ይቺን እዚሁ ሥራልኝ" ይላሉ። ልጁ ካልቻለ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ጌጥ ሁሉ የአስተማሪዋ የእጅ ሥራ ነው ማለት ነው። አንድ ጊዜ እንዲህ የተጠየቀ ልጅ ወረቀቱን ተቀብሎ፣ በጥሞና አይቶ፣ አፍንጫውን ተናፍጦበታል። የዚያን ዓመቷ መምህርት አሁን ሌላ ቦታ ነው የምትሠራው።

ቲቸር ቶሎ የመረጠችው ፔንግዊን ነበር፤ ያ በረዶ ላይ እየተንገዳገደ የሚሄደው፣ ጀርባው ጥቁር ደረቱ ነጭ ወፍ። መቀስ የለ፣ ሙጫ የለ፤ አንድ ፊቱ ጥቁር አንድ ፊቱ ነጭ የሆነ ወረቀት ብቻ ይበቃል። ሰያፍ ማጠፍ፣ ክንፎቹን ወደ ደረት መመለስ፣ ከታች እግር ማውጣት፣ ከላይ ጫፉን ሰበር አድርጎ መንቁር ማድረግ፤ አለቀ። መስኮቱ ሥር ነጭ ላስቲክ አንጥፋ እንደ ወታደር ልትደረድራቸው አስባለች።

ወረቀቱ ግን አራት ጎኑ እኩል መሆን አለበት፤ ከመደብር የመጣው ደግሞ ረዘም ያለ ነው። ዓርብ ጠዋት ቢሮ ወዳለው ባለ ረጅም እጀታ የወረቀት መቁረጫ ሮጠች። ማሽኑ ላይ የተለጠፈው ማስጠንቀቂያ ከጥቂት ሉህ በላይ በአንዴ አይቆረጥም ይላል። ቲቸር ቶሎ የወረቀቱን እስር እንዳለ አስገባችና እጀታውን በሁለት እጇ፣ ከዚያም በሆዷ ተጫነችው። ጨክ! የላይኞቹ ሉሆች እንደ ምላጭ ተቆረጡ። የታችኞቹ ከስለቱ ሥር ሸርተት ማለታቸውን ማን አየ? የላይኛውን አይታ ተደሰተች፣ አቅፋ ሮጠች።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።

ክፍሉ ውስጥ ማሞቂያው ይንጣጣል፤ በር ላይ የተሰቀሉት እርጥብ ካፖርቶች ይተናሉ። ውጪ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ልጆቹ ግን ከጠዋት ጀምሮ በደስታ ሰክረዋል።

"ነጩ ወደ ላይ!" አለች ቲቸር ቶሎ። "አሁን ይሄን ጫፍ ከዚያኛው ጫፍ አሳስሙ!"

"እምጷ!" አለ ክፍሉ በሙሉ።

ሞተር የሚሉት፣ ተኝቶም እግሩ የማያርፈው ልጅ፣ ጫፎቹን ትቶ ወረቀቱን ራሱን ሳመው። አጠገቡ የተቀመጠችው ልጅ ግን አጥፋ ዘረጋች፣ ደግማ አጠፈች። እሷን አስተማሪዎቹ ጠበቃ ይሏታል፤ የሷ ባልሆነ ጠብ እንኳ ገብታ ትከራከራለች።

"ቲቸር፣ አይሳሳሙም።"

"ይሳሳማሉ። ቀጥ አድርገሽ ያዢ።"

"ተጣልተዋል።"

"ጠበቃ፣ እጅሽ ነው እንጂ ወረቀቱ ምን አደረገ?"

"ወረቀቱ ነው የጀመረው!" አለች ልጅቷ፤ ከንፈሯ መንቀጥቀጥ ጀመረ።

"የኔም እንቢ አለ!" "የኔ ጅራት አወጣ!" ጩኸቱ ከየጠረጴዛው ተነሣ። ቲቸር ቶሎ ደሟ ፈላ። ማጠፍ ይሉታል ይሄን? ደጋግማ አላሳየቻቸውም? "ዝም! ማንም ትኩረት ስለማይሰጥ ነው!" ብላ የጠበቃን ወረቀት ነጠቀችና ራሷ አጠፈችው። በጥፍሯ ተጭና፣ እስትንፋሷን ይዛ።

አልተሳሳሙም። በአንድ በኩል የጣት ውፍረት የምታክል ቅዳጅ ተርፋ ወጣች።

ሌላ ሉህ አነሣች። ያው ነው። ሌላም። ሁሉም ወደ አንድ ጎን የጠመመ ነበር። ሌላ ጥቁርና ነጭ ወረቀት በቤቱ የለም፤ መደብር ልሂድ ብትል ልጆቹን ለማን ትታ? ወላጆች ደግሞ ከምሳ በፊት ነው የሚመጡት።

"ጠበቃ" አለች ወረቀቱን እየመለሰችላት፣ "ልክ ነሽ። እሱ ነው የጀመረው።"

"ብያለሁ!"

"ብለሻል። በሉ፣ የተረፈችውን ጅራት ወደ ኋላ አጥፏት፤ እንቀጥል።"

ፔንግዊኖቹ አለቁ። ጀርባቸው ላይ ጅራት የመሰለች ትርፍ እጥፋት ቀርታለች፤ ሁሉም ወደ ፊት ዘመም ብለዋል፣ የጠፋባቸውን ሳንቲም የሚፈልጉ ይመስል። ቲቸር ቶሎ መስኮቱ ሥር ደረደረቻቸው። የመጀመሪያው በደረቱ ተደፋ። ሁለተኛውን ገፋው። ከዚያማ ምኑ ይነገራል፤ ሰልፉ በሙሉ አንድ ላይ ነጩ ላስቲክ ላይ ተዘረረ።

አይኗን ጨፈነች። ክፍሉ ሄደ፣ ወንበሩ ሄደ፣ ለሌላ ሰው።

ሞተር ግን በሳቅ ፈረሰ። መሬት ላይ ተንከባለለና አፉን ላስቲኩ ጋ አስጠግቶ "ተነሥ አንተ ሰነፍ!" እያለ ከተደፉት አንዱን ኡፍ አለበት። ፔንግዊኑ አልተነሣም። በደረቱ እንደተኛ ሽው ብሎ የላስቲኩን ግማሽ ተንሸራተተ።

ክፍሉ በጩኸት ፈነዳ።

"አየሽ? ቲቸር አየሽ? ሄደ!"

"እኔም! እኔም!"

"ያ የኔ ነው፣ አትንፋብኝ!"

ቲቸር ቶሎ አይኗን ገልጣ ነበር። ቀረብ ብላ አየች። ትንፋሹ ያችን እጥፋት፣ ያችን ትራፊ ጅራት፣ እንደ ሸራ ነበር የሚሞላት። ደረታቸው ደግሞ ለስላሳ ነው፤ ላስቲኩም ለስላሳ። አንድ ፔንግዊን አነሣች፣ ጅራቷን በጥፍሯ ቀና አደረገች፣ ተንበረከከችና ነፋች። ከሞተር ፔንግዊን አልፎ ግድግዳ መታ።

"አሸነፍኳችሁ!" አለች፤ አዋቂ መሆኗን ረስታ።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ማንም ማቆም አይችልም ነበር፣ እሷም አልሞከረችም። ላስቲኩን ወለሉ ላይ ዘረጉት፤ ጠረጴዛዎቹን ገፉ፤ በቀይ ፕላስተር መነሻና መድረሻ ለጠፉ። ሞተር ከላይ ሲነፋ ፔንግዊኑ ተገለባበጠበት። ጠበቃ ሆዷ ላይ ተኝታ ከኋላ፣ ከጅራቱ ሥር ስትነፋ እንደ ጥይት ሄደላት። "ከታች ነው የሚነፋው! እኔ ነኝ ያገኘሁት!" አለች፤ ወዲያው ሁሉም በሆዳቸው ተኙ። ጅራቱን ሰፋ ያደረገ ነበር፤ አጥፎ ያሳነሰ ነበር፤ ጅራቱን በምራቁ አርሶ ያበላሸም አልጠፋ። ቲቸር ቶሎ ጸጉሯ ተበትኖ፣ ጉልበቷ አቧራ ለብሶ፣ ከአንዱ ወደ አንዱ ትሯሯጣለች። እንዲህ በደስታ መዋሏ ትዝ አይላትም።

በሩ ሲከፈት ወላጆች ቆመው ነበር። ከፊት ለፊታቸው ዳይሬክተሯ።

ግድግዳውን አዩ። ባዶ ነው። መስኮቱን አዩ። ባዶ ነው።

"ሥራው የታለ?" አሉ ዳይሬክተሯ።

"ወለሉ ላይ ነው።"

"ወለሉ ላይ ደግሞ ልጆች ናቸው ያሉት።"

"እነሱም ሥራ ላይ ናቸው" አለች ቲቸር ቶሎ። ወደ ኋላ ማለት አታውቅበትም። "ጫማ አውልቃችሁ ግቡ።"

የሞተር አያት፣ ሸበቶ ሽማግሌ፣ ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ ጫማቸውን አወለቁ፣ እያቃሰቱም ወለሉ ላይ ተንበረከኩ።

"አባባ፣ በሆድህ ተኛ!" አለ ሞተር።

"ከተኛሁ ማን ያነሣኛል?"

"እኛ!"

ተኙ። ነፉ። ሦስተኛ ወጡና "ፉጨት የለመደ ሳንባ ነበር፣ ሲጋራ በላው" ብለው ሳቁ። በቃ፣ ካፖርቱን ያልጣለ ወላጅ አልቀረም።

ዳይሬክተሯ ብቻ ቆመው ቀሩ። ከብብታቸው ሥር ንጹሕ ወረቀት አወጡ፤ አራት ጎኑ በትክክል የተቆረጠ። ጣታቸው ጠበቃ ላይ አረፈ።

"አንቺ። እስኪ አንዱን እዚሁ ሥሪልኝ።"

ቲቸር ቶሎ እጇን ከኋላዋ ቆለፈች፤ ካልቆለፈችው ልትረዳት ይቃጣታልና። ጠበቃ ተቀምጣ ነጩን ወደ ላይ አደረገች፣ አንዱን ጫፍ ወደ ሌላው አመጣች፣ ከዚያም ቀጥ አለች።

"ቲቸር!" ጮኸች። "ተሳሳሙ! ታረቁ!"

ልጆቹ ውድድሩን ጥለው ከበቧት። እንዲህ ያለ ወረቀት አይተው አያውቁም። ጠበቃ ክንፉን መለሰች፣ እግሩን አወጣች፣ መንቁሩን ሰበረች፤ ማንም አልነገራትም፣ ማንም እጇን አልያዘም። ፔንግዊኑ እንደ ዘብ ቀጥ ብሎ ቆመ። ዳይሬክተሯ ቅንድባቸውን ከፍ አደረጉ።

ጠበቃ ግን አልጨረሰችም። ፔንግዊኑን ቀዩ መነሻ ላይ አስቀመጠችና ተኝታ ነፋች። በጀርባው ወድቆ ቀረ። ደግማ ነፋች፤ ተሽከርክሮ ቆመ።

"ይሄ አይሮጥም" አለች ለዳይሬክተሯ በአዘኔታ። "ወረቀትዎ ተበላሽቷል።"

ወላጆቹ ሳቁ። ዳይሬክተሯ አልሳቁም። ከዘመሙት ፔንግዊኖች አንዱን አንሥተው ጅራቱን እያገላበጡ መረመሩ።

"የናንተስ ምንድን ነው ልዩነቱ?"

"ዘዴ ነዋ!" አሉ የሞተር አያት ከወለሉ። "አስባበት ነው የቆረጠችው፤ ሸራ አውጥታለት! ጎበዝ ልጅ ናት።"

እነሆ በር ተከፈተላት። አዎ ብትል ያልቃል። ልጆቹ አይከዷት፤ ወረቀት ስለ መቁረጥ የሚያውቅ አንድም የለም። ክፍሉ እጇ ላይ ነው። ቲቸር ቶሎ አፏን ከፈተች። ጠበቃ ቀና ብላ ታያታለች፤ ጠዋት ይንቀጠቀጥ የነበረው ያ ከንፈር ታወሳት።

"ዘዴ አይደለም" አለች። "እስሩን በአንዴ ቆርጬ ጠመመብኝ። ከዚያ ደግሞ ልጆቹን ተቆጣሁ። ጠበቃ ወረቀቱ ጥፋተኛ ነው ስትለኝ አልሰማኋትም። ሩጫውን ያገኙት እነሱ ናቸው።"

"ማስጠንቀቂያውን አላየሽውም?"

"አይቼዋለሁ።"

"እስሩን በሙሉ?"

"በሙሉ።"

ዳይሬክተሯ መነጽራቸውን አውልቀው ኪሳቸው ከተቱ፣ ቀሚሳቸውን ሰበሰቡና ወለሉ ላይ ተንበረከኩ። የያዙትን ዘማማ ፔንግዊን ከጠበቃ ፔንግዊን ጎን መነሻው ላይ አስቀመጡት። ልጆቹ ጮኹ። አያትየው በጣታቸው አፏጩ።

ቲቸር ቶሎ ቢጨንቃት ጎንበስ አለች። "የኔ ነገርስ?"

"የምን ነገር?" አሉ ዳይሬክተሯ ዞር ሳይሉ።

"ክፍሉ።"

"ያንቺ ነው። አሁን ጥላሽን ከፊቴ አንሺልኝ፣ መስመሩ አልታየኝም።" ይህን ብለው ትንፋሻቸውን ሳቡና ባለ በሌለ ኃይላቸው ነፉ። ፔንግዊናቸው ተወረወረ።

"ቆይ! ቆይ!" ጠበቃ ዘላ ተነሣች። "ሳይጀመር ነው የነፉት! ቲቸር፣ ሳይጀመር ነው!"

"አይደለም" አሉ ዳይሬክተሯ፤ ፊታቸው ፍም መስሏል።

"ነው! ሁሉም አይቷል!"

ሁሉም ወደ ቲቸር ቶሎ ዞሩ። እሷም ተንበርክካ የዳይሬክተሯን ፔንግዊን አነሣችና መልሳ ቀዩ መስመር ላይ አስቀመጠችው።