የይርገዱ ድምፅ

1

«ካሜራውን አጥፉት፣ ልጆቼ።»

«እሺ ጋሼ።»

አልጠፋም።

2

ከዚህ መጀመር አልነበረብኝም። ሐመልማልን ሳላስተዋውቃችሁ ጥፋቷን ነገርኳችሁ።

ሐመልማል ፊልም ሠሪ ናት። ደሴ የመጣችው የአንድ የተዘጋ ሬዲዮ ጣቢያንና የድራማ ቡድኑን ታሪክ ልትቀርጽ ነው። ከቡድኑ ዛሬ በሕይወት ያሉት ጋሽ እንድሪስ ብቻ ናቸው። ሚስታቸው ይርገዱም አብራቸው ትተውን ነበር። በወጣትነቷ ነው የሞተችው።

3

ጣቢያው ቴፕ ሲያጥረው በድራማው ላይ ዜና ይቀዳበት ነበር። ሁሉም ጠፍቷል ሲባል ሐመልማል አንድ የተረፈ አገኘች፤ ባልና ሚስቱ ለብቻቸው የተወኑበትን።

ለጋሽ እንድሪስ አስቀድማ አልነገረቻቸውም። ሲደነግጡ ፊታቸውን መቅረጽ ፈለገች።

4

ይርገዱ ከቴፑ ውስጥ ሳቀች።

ሽማግሌው ትልቅ እንግዳ እንደገባባቸው ሁሉ ከወንበራቸው ብድግ አሉ። «አጥፉት» ያሉት ያኔ ነው። ካሜራ የያዘው ናሆም ሐመልማልን አያት። በጣቷ «ቀጥል» አለችው።

ጋሽ እንድሪስ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ቴፑ ላይ ካለው የወጣትነት ድምፃቸው ጋር እኩል ለሚስታቸው መመለስ ጀመሩ። የዚያን ጊዜ ቃለ ተውኔታቸውን አንድም አልሳቱም። ቴፑ ሲያልቅ ተንሰቅስቀው አለቀሱ።

«አጥፍታችሁታል አይደል?»

«አዎ ጋሼ።»

5

የፊልሙ ምርጥ ትዕይንት።

6

ያየው ሁሉ እንዲያ አላት። እሷ ግን እዚያ ቦታ ላይ ስትደርስ ከክፍሉ መውጣት ጀመረች። የፊልሙ ምረቃ ሲቃረብ አልቻለችም፤ ላፕቶፗን ይዛ ቤታቸው ሄደች።

«ጋሼ፣ ዋሽቼዎታለሁ።»

ትዕይንቱን እስከ መጨረሻው አዩት።

«ይሄን ለሰው ልታሳዪው ነው?»

«ካልፈቀዱ አወጣዋለሁ።»

«የእሷ ድምፅ ይሰማ። ሰው እንዲሰማው ብላ የሠራችው ሥራ ነው።» ላፕቶፑን ራሳቸው ከደኑት። «የእኔ ለቅሶ ግን ሥራ አይደለም።»

ይቅር ብዬሻለሁ አላሉም። እሷም ይቅርታ አልጠየቀቻቸውም።

7

የምረቃው ዕለት አዳራሹ ሞላ። ሐመልማል የጋሽ እንድሪስን ዓይን ማየት ስላፈረች በሩ አጠገብ ቆመች።

ያ ትዕይንት ሲደርስ ሸራው ጠቆረ።

የይርገዱ ድምፅ ብቻ ይሰማል። እሳቸው ይመልሱበት በነበረው ቦታ ሁሉ ዝምታ አለ፤ ሐመልማል የእሳቸውን ድምፅ፣ የቴፑንም የቀረጻውንም፣ አንድ ሳታስቀር አውጥታዋለች።

የመጀመሪያው ዝምታ አለፈ። ሁለተኛው ሲመጣ ጋሽ እንድሪስ ከፊት ወንበር ተነሡና መለሱላት። ማይክ አልያዙም፤ ድምፃቸው ግን እስከ በሩ ደረሰ። ከዚያ በኋላ እሷ ስትናገር እየጠበቁ፣ ስታበቃ እየመለሱ ቀጠሉ።

ናሆም ካሜራውን አነሣ።

ሐመልማል ሌንሱን በመዳፏ ሸፈነችው።

8

ስለዚህ ያን ቀን ያሉት የትም አልተቀረጸም። እኔም አልጽፈውም። ቴፑ ላይ ያለውን የይርገዱን የመጨረሻ ቃል ግን እነሆ፦

ይርገዱ፦ ይሄን ሁሉ ስጠራህ አልሰማኸኝም?

እንድሪስ፦