ቋሚ ተክል ክልክል ነው

ጂንካ ውስጥ አራት ዓመት በረንዳ ላይ አድሬአለሁ። ከጋሞ ደጋ የመጣሁት ለአናጢነት ነበር። ከጣሪያ ወድቄ ወገቤን ከተጎዳሁ በኋላ ግን የቤት ኪራይ መክፈል አቃተኝ። በረንዳ የሚያስተምረው አንድ ትምህርት አለ፤ የሱቁ ጥበቃ በዱላ ሳይነካህ ቀድመህ መነሳት። በዚህ ትምህርት እኔን የሚያህል አልነበረም። የሰው ፊት ሲጠቁር ከሩቅ አያለሁ፤ ተነስ ሳይሉኝ ካርቶኔን ጠቅልዬ እሄዳለሁ። ያቺው ነበረች ጉራዬ።

ቤተ ክርስቲያናችን ኔሪ ወንዝ ዳር ጠፍ መሬት ነበራት። ጓሮ አትክልት እንድናለማበት ለሰባት በረንዳ አዳሪዎች ሰጠችን። የቤተ ክርስቲያኗ ሽማግሌ ጋሽ ሉቃስ መሬቱን ሲያስረክቡን ያስቀመጡት ደንብ አንድ ብቻ ነው፤ ቋሚ ተክል ክልክል ነው። መሬቱ ውሰት ስለሆነ በሦስት ወር የሚደርሰውን ብቻ ትዘራላችሁ አሉን። ሰብሳቢ ሆኜ የተመረጥኩት እኔ ነኝ። ማንበብ ስለምችል እንጂ ለጠባዬ ብለው አይመስለኝም።

እውነቱን ለመናገር ያ መሬት ሰው አደረገን። ጠዋት ተነስተን የምንሄድበት አገኘን። ቆስጣ ተሸክመን ገበያ ስንገባ ያ በዱላ የሚቀሰቅሰን ጥበቃ ራሱ ዋጋ ጠየቀን። ጓደኛችን እዮብ አረቄውን ጨርሶ ባይተውም ጠዋት ጠዋት ትቶት ነበር።

ሽታዬ የመጣችው ከሁላችን መጨረሻ፣ ስምንተኛ ሆና ነው። የገዘር አካባቢ የአሪ ተወላጅ ናት። ባሏ ሲሞት ወንድሞቹ ቤቱንም ጓሮውንም ወሰዱባት። ስትወጣ የያዘችው የለበሰችውን ልብስና በማዳበሪያ የጠቀለለችውን አንድ የእንሰት ችግኝ ነው፤ ሙሽራ ሳለች በእጇ ከተከለችው የተባዛ። ወር ሙሉ ከበረንዳ በረንዳ ይዛው ዞራለች። ከእኛ ስትቀላቀል ከጎመኑ ጀርባ፣ ጥጉ ላይ ተከለችው።

አይቼ እንዳላየ ሆንኩ። የኛም አገር የእንሰት አገር ነው፤ ጓሮው ውስጥ እንሰት የሌለው ሰው ቤት አለው አይባልም። ምን እያደረገች እንደሆነ ከማንም በላይ ገብቶኛል። ቢሆንም ሰብሳቢ ነኝና አንድ ቀን ደንቡን አስታወስኳት።

«ለመብላት አምስት ዓመት ይፈልጋል» አለችኝ አፈሩን እየደለደለች። «እኔም አምስት ዓመት ልኖር አሰብኩ።»

ያንን ከማሰቧ በፊት እዮብን ወንዙ ሰው የሚያሰምጠው የት ጋ እንደሆነ ትጠይቀው ነበር። እሱ ነው የነገረኝ።

ዝናቡ ሲገባ እንሰቱ አዲስ ቅጠል አውጥቶ ከጎመኑ በላይ ታየ። በዚያው ሰሞን ጋሽ ሉቃስ ሊጎበኙን መጡ። ጥጉ ጋ ሲደርሱ ቆሙ፤ ፊታቸው ጠቆር አለ፤ ምንም ሳይናገሩ ሄዱ። ያቺን ፊት አውቃታለሁ ብዬ ሌሊቱን እንቅልፍ አጣሁ። በአንድ እንሰት ምክንያት ስምንት ሰው ተመልሶ በረንዳ ሊወድቅ ነው። በማግስቱ ሽታዬ ገበያ ሳለች ነቀልኩት፤ ምልክቱ እንዳይቀር ከትፌ ወንዝ ውስጥ ጣልኩት።

ስትመለስ ራሴ ነገርኳት። ጉድጓዱን በእግሯ ደፍና ጎመኑን ማረም ጀመረች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ከሳምንት በኋላ ጋሽ ሉቃስ ተመልሰው መጡ። ዓይናቸው ቀጥታ ወደ ጥጉ ሄደ።

«እንሰቱስ?» አሉ።

ደንቡን አክብረን ነቀልነው አልኳቸው፤ የሚያመሰግኑኝ መስሎኝ። ባርኔጣቸውን አወለቁ። ከዚያ ነገሩን አስረዱኝ። ያን ዕለት እንሰቱን አይተው ልባቸው አዝኖ ነበር፤ ሰው ቤቱን ተሸክሞ በመጣበት መሬት ላይ ሦስት ወር ብለን ወሰንን ብለው። ሌሎቹን ሽማግሌዎች ለምነው መሬቱ ለስድስት ዓመት እንዲሰጠን አስወስነዋል። የመጡት ይህንኑ ሊነግሩን ነው።

የፈሩት ይደርሳል ይላሉ። እኔ ግን ያልመጣውን ሄጄ ጠራሁት።

ሽታዬን ቦይ ስትጠርግ አገኘኋትና ሁሉንም ነገርኳት። ቅዳሜ ገዘር ገበያ ሄጄ ከዚያኛው የሚበልጥ ችግኝ እንደማመጣላት፣ ጉድጓዱንም ራሴ እንደምቆፍር፣ ፍግ እንደምጨምርበት ለፈለፍኩ። ጥፋተኛ ሰው አፉ አያርፍም።

ዶማዋን አቁማ አየችኝ።

«ከማን ቤት?» አለች።

እሷም መልስ ሳትጠብቅ ጎንበስ ብላ በወንዙ በኩል ያለውን ቦይ መጥረግ ቀጠለች። ፈርቻለሁ። ከዚያን ቀን ወዲህ አመሻሽ ላይ እሷ ወደ ከተማ ሳትወጣ እኔ ከማሳው አልወጣም።