በሁዳዴ መወፈር

በሁዳዴ ወፈርኩ። ዕድሜዬን ሙሉ «ስንጥር» ስባል የኖርኩት ሴት! ከደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ፋብሪካ ፈቃድ ወስጄ ለሰሙነ ሕማማት አንኮበር ስገባ፣ ጎረቤታችን እትዬ ወለተ ሥላሴ መሳም ስለማይፈቀድ ጉንጬን ብቻ ይዘው፣ «እሰይ! ከተማው ተስማምቶሻል፤ ወፈርሽ!» አሉኝ። ምን እዋሻለሁ፣ በጣም ደስ አለኝ።

በዚያ ሳምንት ጉሙ ከቆላው እየወጣ ቤታችንን ዋጠው። እኔንም እንቅልፍ እንቅልፍ ይለኝ ነበር። ዓይኔን ስከድን ለብ ያለ ውኃ ከእግሬ ተነስቶ ቀስ እያለ እስከ ደረቴ ይሞላና ያንሳፍፈኛል። ደግሞ አያስፈራም። ጣቶቼን ሲቆረጥመኝ የደብረ ብርሃን ብርድ ነው እላለሁ፤ ጉንጮቼ ሲቀሉ ፀሐይ ነው። ሽንቴን አረፋ ሲሞላውም ዝም አልኩ፤ ይሄ ለማን ይነገራል?

ጸሎተ ሐሙስ ዕለት አባቴ ቄስ ወልደአረጋይ የምእመናኑን እግር ያጥቡ ነበር። ተራዬ ደረሰ። እግሬን በወይራ ቅጠል አሹት፤ አውራ ጣታቸውን ሲያነሱ ግን ቦታው እንደ ሊጥ ጎድጉዶ ቀረ። ጠበቁ። አልሞላም።

«ልጄ፣ ጾመሻል?»

«አዎ አባባ፤ አንድም ቀን አልገደፍኩም።»

«ታዲያ በሁዳዴ ማን ወፍሮ ያውቃል?»

«ወፈርሽ» ያሉኝ ሁሉ ከኋላዬ ተሰልፈዋል።

በማግስቱ አባባ የስቅለትን ስግደት ለሌሎቹ ካህናት ትተው በሚኒባስ ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ወሰዱኝ። ምርመራው ሲያልቅ ሐኪሟ አስቀመጠችን።

«ሉፐስ ይባላል። የሰውነቷ መከላከያ ራሷን እንደ ጠላት እየወጋ ኩላሊቷን አቁስሎታል። ፕሮቲኑ በሽንቷ ይወጣል፤ ውኃው ሰውነቷ ውስጥ ይቀራል። ውፍረት አይደለም አባቴ፣ እብጠት ነው።»

«ኩላሊቷ ይተርፋል?»

«መድኃኒቷንና ክትትሏን ካላቋረጠች ተስፋ አለን።»

ዘንድሮ ለመድኃኒቱ ስል አልጾምኩም፤ ግን ከሳሁ። እትዬ ወለተ ሥላሴ ጸሎተ ሐሙስ ዕለት የቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ላይ አይተውኝ፣ «ውይ፣ ምነው እንዲህ ከሳሽ!» ብለው ከንፈራቸውን መጠጡ። ሳቄ መጣ።

ተራዬ ሲደርስ አባባ አውራ ጣታቸውን እግሬ ላይ ጫን አድርገው አነሱ። ቦታው ወዲያው ሞላ። እንደገና ጫኑ። ሞላ። ከኋላዬ ሰው ይጠብቃል፤ አባባ ግን እግሬን አልለቀቁም።