የሲታ ምድጃና የኖአጋ ማሳ

ሲታ ያኮ በምትባል ከተማ፣ ገበያ ዳር ዶሎ እየጠመቀች የምትኖር፣ ባሏ የሞተባት ሴት ናት። ዶሎ የቀይ ማሽላ ጠላ ነው፤ ማሽላውን ከወጣትነቷ ጀምሮ የምትገዛው ከአንድ ገበሬ፣ ከኖአጋ ነው። እሷ ሳሞ ናት፣ እሱ ሞሲ፤ የሁለቱ ሕዝቦች ልማድ ደግሞ በተገናኙ ቁጥር በቀልድ መሰዳደብ ነው። ሳይሰዳደቡ የተለያዩ ቀን ከሁለቱ አንዱ ታሟል ማለት ነው።

ኖአጋ መኸሩን ሰብስቦ ሲመጣ፣ በአህያ ጋሪው ላይ ከማሽላው ጋር አገዳውንም ለማገዶ ይጭንላት ነበር። በዚያ ዓመት ግን ማሽላውን ብቻ አራገፈ።

«አገዳዬስ?» አለችው።

«ማሳው ላይ ተኝቷል።»

«እንዳንተው ማለት ነው። ሞሲ መቼ ሥራ ይወድና።»

«የውሻ ጭንቅላት መቀቀያ አጣሁ በይኛ» ብሎ ሳቀ፤ ሞሲዎች ሳሞዎችን ውሻ በላ እያሉ ነው የሚያሾፉባቸው።

ሲታ ግን አልሳቀችም። በምን ልትጠምቅ ነው?

ገበያ በሌለበት ቀን እንደተናደደች ማሳው ድረስ ሄደች። ያን ሁሉ ዘመን እህሉን ስትገዛ እግሯ ረግጦት አያውቅም። ገሚሱ መሬት እንደ ሲሚንቶ ደርቆ ሣር እንኳ አልያዘም። ገሚሱ አገዳ ለብሷል። ኖአጋ አገዳውን ገለጥ አድርጎ አሳያት፤ ምስጥ አፈሩን ቦርቡሮ አላልቶታል፣ ጣቷን ብትሰድ ገባላት። አጠገቡ ዝናብ እንዲያቁሩ የቆፈራቸው ትናንሽ ጉድጓዶች ፍግ ይጠብቃሉ።

«ሲታ፣ እኔ ማሳዬን በጋሪ እየጫንኩ ሳመጣልሽ ኖርኩ፣ አንቺም ስታነጂው ኖርሽ። ሁለታችንም አላወቅንም» አላት፤ አሁን አልቀለደም።

ሲታ ወደ ቤቷ ተመለሰች። ያ ሁሉ ጋን የፈላው በዚያ መሬት ጉልበት ነበር።

ብዙም ሳትቆይ ጉልቻዋን አንስታ፣ ከጎረቤቶቿ ጋር ዙሪያውን በጭቃ የተደፈነ ምድጃ ሠራች፤ የሚፈጀው ማገዶ በጣም ቀነሰ። አተላውንም ለአሳማ አርቢ መስጠቷን ተወች። ከዚያ ወዲህ የኖአጋ ጋሪ ባዶውን አልተመለሰም፤ አተላው ከፍጉ ጋር ጉድጓዶቹ ውስጥ ገባ።

በቀጣዩ ክረምት ግን ዝናቡ ቶሎ ቆመ። ኖአጋ ያመጣው ማሽላ ለጋኖቿ የሚበቃ አልነበረም። ፊቷን ማየት አፍሮ የአህያውን አንገት ያሻሽ ጀመር።

«የጎደለውን ከነጋዴ ግዢ» አለ። «አልቀየምሽም።»

«አንተ ብትቀየም ማን ጉዳዬ ይልሃል? አፈሩ ግን አተላዬን በልቷል። የሰጠኝን እወስዳለሁ።»

ባለው ጥቂት ጠመቀች። ጠጪዎቿ አጉረመረሙ።

«ጥማቱ የጠናበት» አለች ቅል እያጠበች፣ «ዶማ ይዞ ኖአጋ ዘንድ ይሂድ።»

ለቀልድ ያለችው ነበር። በጋው ሲገባ ግን ከጠጪዎቿ መካከል አናጢውና ብስክሌት ጠጋኙ ሌሎቹን አስከትለው የምር ሄዱ። እሷም የተረፈቻትን ዶሎ ተሸክማ ተከተለቻቸው። እየተሟገቱና እየተሳሳቁ ያንን የማሳውን ደረቅ ገሚስ ጉድጓድ በጉድጓድ አደረጉት።

በተከታዩ ክረምት ዝናቡ ያን ያህል አልነበረም፤ ጉድጓዶቹ ግን የጣለውን ሁሉ ያዙ። ማሽላው ለአጨዳ ሲደርስ ሲታ ልታየው መጣች። ቁመቷን አልፎ ሄዷል። ዛላውን እየዳሰሰች ወደ መሃል ገባች።

«አንቺ ሳሞ፣ የት ገባሽ?» ሲል ኖአጋ ከዳር ተጣራ።

ሰምታዋለች። ግን ድምጿን አጥፍታ ቆመች፤ ትንሽ ይፈልጋት።